ግድግዳ ላይ የማይታየው ሥዕል

መጋቢት 11፣ 2009፣ ጭሮ

ሁለት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ አስተማርኩ። የጠመኔ አቧራ በላሁ። ከሰዓት አብዱልቃዲር ፎቶ ቤት ሄጄ ከሞተ ካሜራ ሌንስ ፈታሁ። አመሻሹ ላይ ለፈጠራ ውድድር በምሠራው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አምፖል ባለው ቱቦዬ ውስጥ ገጠምኩት፣ ዓይኔን አስጠጋሁ... ፍየሏ! ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ የሣልኳት ፍየል፣ ጢሟ ሳይቀር! ግድግዳ ላይ አይደለም፣ ስክሪን ላይ አይደለም። ቀጭኗ ብርሃን በብሌኔ ገብታ ሥዕሉን እዚያው ዓይኔ ውስጥ ጣለችው።

ጮህኩ። እማዬ ከጓዳ፣ «ምን ነካሽ? እባብ ነው?»

«ፍየል ናት!»

«ቤት ውስጥ?!»

መጋቢት 16

የዞኑ የፈጠራ ውድድር። አንደኛ የወጣ ወደ ክልል ይሄዳል። ሰብሳቢው ጋሽ ሞገስ ባዶውን ግድግዳ እያዩ፣ «የታለ ሥዕሉ?»

«ዓይንዎን ቱቦው ላይ ያድርጉ፣ ጋሼ።»

«ሦስት ዳኞች ነን። ሦስታችንም ባንድ ጊዜ ላላየነው ነገር ነጥብ አንሰጥም። ደንብ ነው።»

«ተራ በተራ ቢያዩስ?»

«አንዱ አየሁ ቢል ሌላው በምን ያምነዋል? ይሄ ማጭበርበር ነው!»

በማይክራፎን! አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት! ሳያዩ ዜሮ! አላለቀስኩም። ባጃጅ ውስጥ... ትንሽ።

መጋቢት 17

ቱቦዬን ይዤ ጫት ተራ ወጣሁ። ዳኛ ባያይ ሰው ያያል! ጫት ሻጯ እትዬ የሺሐረግ ያለ መነጽር አሥር ብርን ከመቶ አይለዩም። መነጽራቸውን አስወለቅኳቸው።

«ትንሽ ወደ ግራ... ሌላውን ዓይንዎን ይጨፍኑ...»

ዓይናቸውን አስጠጉ። ከዚያ፣ «ውይ! ጢሟ! ያለ መነጽር ጢሟን!» እጃቸውን ዘርግተው ሊይዟት! ጫት ተራው በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ ሰልፈኛው፣ «እትዬ፣ ይልቀቁልን እንጂ!»

«ወግዱ! ገና እያየሁ ነው!»

ግን ነጥብ የሚሰጡት እሳቸው አይደሉም። ደንቡ «ባንድ ጊዜ» ይላል። ባንድ ጊዜ... ቆይ፣ ቆይ። ሦስት ቱቦ ብሠራስ?

እንዴት እስካሁን አልታየኝም?!

መጋቢት 19

ትናንት አቤቱታ አስገባሁ። ቅዳሜ ድጋሚ እንዳሳይ ተፈቀደ። አብዱልቃዲር፣ «አንቺ ልጅ፣ ካሜራ አስጨረስሽኝ እኮ!» እያለ ሁለት ሌንስ ጨመረልኝ።

መጋቢት 23

ልጻፈው።

ሦስት ቱቦ፣ ሦስት ዳኛ። «ባንድ ጊዜ ይጎንበሱ» አልኩ። ተጎነበሱ! ሦስት ኮት፣ ገንዳ ላይ እንደተደረደሩ በሬዎች።

«ምንም የለም» አሉ ጋሽ ሞገስ።

«ሌላውን ዓይን ይጨፍኑ! ትንሽ ወደ ቀኝ!»

ራሳቸውን ወደ ቀኝ ገፋ አደረጉ... ከዚያ፣ «ፍየል!» «ፍየል!» መሃል ያሉት በኦሮምኛ፣ «ሬኤ!» ባንድ ትንፋሽ!

አዳራሹ ተናጋ። ሁለቱ ቀና ብለው ነጥብ ሞሉ። የሁለቱ ብቻ ተደምሮ እንኳ... አንደኛ! ወደ ክልል ነኝ! ጋሽ ሞገስ ግን አልተነሱም።

«ጋሼ፣ ማጭበርበር ነው ያሉትን እዚሁ ያንሱልኝ። በማይክራፎን።»

«አነሳለሁ፣ አነሳለሁ... አትነቅንቂኝ፣ ልትጠፋብኝ ነው!»

ማይክራፎኑን አምጥቼ፣ እንደተጎነበሱ አፋቸው ሥር ያዝኩላቸው።