አይጥ ያልበላው መጨረሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት እንደ ሁልጊዜው ሳቢራ ጨርቅ መሸጫ ጓዳ ውስጥ፣ ከእሷና ከጎረቤቴ ከሳህሊቱ ጋር ሦስት ሆነን ልብ ወለድ አወራን። ደንባችን አንድ ነው። የወደድሽውን መጽሐፍ ትተርኪያለሽ፣ መጨረሻውን ግን አትናገሪም። የተናገረች ለቀጣዩ ቅዳሜ ጎደሬ ቀቅላ ትመጣለች። ዛሬ ሳህሊቱ አመለጣት። "ባልየውማ ሞቶ አይደለም..." ብላ አፏን ያዘች። ሳቢራ ጣቃው ላይ ተደፍታ ሳቀች። "በይ፣ ማባያ ዳጣውንም እንዳትረሺ!"

እኔ ብዙ አልናገርም። መስማት ይበቃኛል። ስመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ሰው አየኝ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሽታዬ ደወለች። የባለቤቴ የደገፉ እህት። ከማስተማር ጡረታ ወጥታ ከዲምቱ ጠቅልላ እዚህ ሶዶ ልትገባ ነው። "ከመጽሐፍ ሰዎችሽ ጋር ታገናኚኛለሽ፣ አስኔ" አለች። እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። ከጉኑኖ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ የማውቀው ወላይትኛ ብቻ ነው፣ አማርኛም ፊደልም አላውቅም። ሽታዬ እኛ ቤት ሆና ትማር ነበር። አመሻሽ ላይ ለወንድሟ ልብ ወለድ ታነብለታለች፣ እሱ ይስቃል። በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች ገንጥዬ እሳት አያያዝኩበት። እንጨቱ ደረቅ ነበር... ወረቀት አያስፈልገውም ነበር።

"አይጥ ነው" አልኩ። አመነችኝ። በማግስቱ ድመት ለምና አመጣችልኝ። ድመቷ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ባየችኝ ቁጥር የምታውቅ ይመስለኝ ነበር።

ደገፉ ሳያውቅ ሞተ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

መጽሐፉን ከሣጥን አወጣሁ። መልሼ ከተትኩ።

ልጄ ሜላት ፊደል ስትቆጥር እኔም ከጎኗ ቆጠርኩ፣ ያለ ዩኒፎርም። ማንበብ ስችል መጀመሪያ የፈለግሁት ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ፣ አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጉት ዘንድ አገኘሁት። ሙሉውን። ስድስት ዓመት ደብቄዋለሁ። ብሰጣት "እንዴት አስታወስሽው?" ትለኛለች። ከዚያስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሽታዬ ገና ሳትቀመጥ ከሳቢራ ጋር የድሮ ጓደኛ መሰሉ። ሳህሊቱ ጎደሬዋን አቀረበች።

"እኔ ከሁሉ የምወደውን ልብ ወለድ መጨረሻውን አላውቀውም" አለች ሽታዬ። ታሪኩ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። የሚወዳት ልጅ ሌላ ልታገባ ስትል የሙሽራ ቀሚሴን ስፋልኝ ትለዋለች። ይሰፋል። የሠርጉ ዕለት ጠዋት...

"እዚህ ላይ አይጥ በላብኝ!"

"ምን ዓይነት ጨካኝ አይጥ ነው?" ሳህሊቱ ጮኸች። ሁሉም ሳቁ። እኔ ወለሉን አየሁ።

"ስለዚህ ራሴ ጨረስኩት። የራሴ ስለሆነ ጎደሬ አያስቀቅለኝም" አለች። ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ፣ ሚዜዎቿን አስከትላ፣ በገበያው መሃል ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ትሄዳለች። ለተማሪዎቿ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትተርክ ኖራለች።

ነገ እነግራታለሁ። ትቀየመኝ ይሆን? ከደገፉ ወገን የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

ነገርኳት።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። "አይጧ እኔ ነኝ፣ ገጾቹን ያቃጠልኩት።" ቀና ብላ አየችኝ። "ለምን?" "በእኔ የምትስቁ መስሎኝ።" መነጽሯን አደረገች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ የጎደሏትን ገጾች ማንበብ ጀመረች። አሥራ ሁለት ገጽ። እንደዚያ የረዘመ አሥራ ሁለት ገጽ አላየሁም። አለቀ፣ ከእንግዲህ ቤቴን አትረግጥም አልኩ በልቤ።

ድንገት ዞረች። "ይኼው ነው?"

"ይኼው ነው።"

"ልብስ ሰፊው አውቶቡስ ተሳፈረ፣ ዝናብ ዘነበ፣ አበቃ? ልጅቷስ? ቀሚሱስ?"

"የለም። እኔም ፈልጌያለሁ።"

"አስኔ... እንኳን አቃጠልሽው!"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም። ማን ቀድሞ ማልቀስ እንደጀመረ አላውቅም። "በአንቺ አልሳቅንም" አለች በኋላ። "ደገፉማ ለእሷም በወላይትኛ ንገሪያት ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ የሰነፍኩት።" ይህን ሳላውቅ ሠላሳ አራት ዓመት...

በሩ ላይ ስትደርስ፣ "ያቺን ድመት ግን ይቅርታ ልትጠይቂያት ይገባ ነበር።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ጎደሬውን እኔ ቀቀልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ አይጧ ስናዘዝ የመጽሐፉም መጨረሻ፣ አውቶቡሱ፣ ከአፌ አመለጠኝ። ሳህሊቱ አልማረችኝም።

ሐሙስ ሽታዬ የራሷን መጨረሻ ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ከዚህ ደብተር አምስት ቅጠል ገንጥዬ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለጠፍኩ። ዛሬ መጽሐፉን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እኔ! የሳህሊቱ ምራት ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ገና ከገጠር መምጣቷ ነው፣ አማርኛ አይገባትም። በየገጹ ቆም እያልኩ በወላይትኛ ነገርኳት። ከሁሉም ዘግይታ ሳቀች፣ ግን ከሁሉም በላይ።

የሠርጉ ጠዋት ላይ ስደርስ ዘጋሁት። ጮኹብኝ። መጨረሻው ሁለት ነው፣ ወስዳችሁ አንብቡ አልኩ። ሳቢራ ቀድማ ነጠቀችኝ። መጽሐፉን እንዳቀፈች እስከ በር ድረስ ተከተለችኝ።

"እትዬ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ። እውነተኛው መጨረሻ የትኛው ነው? ትሄዳለች ወይስ አትሄድም?"

"አልነግርሽም" አልኳት። "ጎደሬ አልቆብኛል።"