ረቡዕ ቅቤ አይገባም

ለእህቴ ለረሂማ፤

አሰላሙ ዓለይኪ እታለም። እንደምን ከረምሽ? ያ ማታ ማታ የሚያብጠው እግርሽ ጎደለልሽ? እንቅልፍስ ተኛሽ? ሐኪሙ ጨው ከልክሎሽ ነበር፤ አሁን የሚቆጣሽ ስለሌለ እንደ ልብሽ ብዪ። እኔና ታናሽ እህታችን ሀናን አልሀምዱሊላህ ደህና ነን።

እንደሞትሽ አውቃለሁ። ጀናዛሽን ተሸክሜ የሄድኩት፣ አፈር ያለበስኩሽ እኔ ነኝ። ግን ሪያድ ላለችው እናታችን ደብዳቤ ስንጽፍ «ጤና ሳትጠይቅ ወሬ አትጀምር» እያልሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ፣ እንደ ወጉ ልጀምር ብዬ ነው።

የምጽፍልሽ ላለቅስብሽ አይደለም። እንዳልታዘዝኩሽ ልነግርሽ ነው። ደሴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነሽ «ሀናንን ይዘህ ከአጎትህ ጋር ሐርቡ ውረድ፤ ቤቱን ዝጉት፤ አትችሉትም» ስትይኝ እሺ አልኩሽ። እሺ ያልኩት እንዳትደክሚ ነው። አልሄድኩም። ይኸው ኮምቦልቻ፣ ቁምሳጥኑ በር ላይ የለጠፍሽው ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ወረቀቱ ከካሌንደር ጀርባ የጻፍሽው የሳምንቱ የምግብ ዝርዝር ነው። ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ ድንች፣ ረቡዕ ሽሮ፣ ሐሙስ መኮሮኒ፣ ዓርብ ሽሮ፣ ቅዳሜ እንቁላል፣ እሑድ «ያለው»። እናታችን የምትልከው ብር ወሩን የሚያደርሰን በዚህ ወረቀት ነው ስትይኝ እስቅብሽ ነበር። አሁን አልስቅም።

የአርባሽን ሰደቃ ያወጣነው ባለፈው እሑድ ነው። ለቀስተኛው ሲበተን አጎት ኑርሁሴን ቀሩ። ያሰቡት ሀናን ሐርቡ እሳቸው ዘንድ እንድታድግ፣ እኔ ደግሞ ትምህርቱን ትቼ ሱቃቸው ውስጥ እንድቆም ነው። እናታችንም በስልክ «አጎትህ ያሉህን ስማ» አለችኝ። እኔ ግን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ሰኔ ላይ ፈተና አለብኝ። ሀናንም ከዚህ ቤት ሌላ ቤት አታውቅም። «አጎቴ፣ አንሄድም» አልኳቸው። «ምን ልትበሉ?» አሉ። ወደ ወረቀቱ ጠቆምኳቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ቀን በቀን አነበቡት። እሑድ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። «ይሄ ‹ያለው› የሚባለው ወጥ የት ነው የሚሸጠው? በል እሺ፤ እስከ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ። በዚህ ወረቀትህ አንድ ሳምንት አብላኝና ይሄ ቤት ቤት መሆኑን ልየው። ካልሆነ ቅዳሜ ሦስታችንም አንድ ሚኒባስ ላይ ነን።»

ሰኞና ማክሰኞ ወጡ እንደ ወትሮው ከግቢው ማዶ፣ ከእትዬ ወርቅነሽ ቤት መጣ። አጎት ኑርሁሴን በሉና እጃቸውን እየታጠቡ «ከጎረቤት በሚመጣ ወጥ ቤት አይቆምም፤ ይሄ ምጽዋት ነው» አሉ። እኔም ስበላው የኖርኩት የሴትዮዋ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ረቡዕ ላሳያቸው ቆረጥኩ።

ከትምህርት ቤት ሮጬ መጥቼ ሽንኩርቱን ከተፍኩ፣ ሽሮውን ጣድኩ፣ አጎታችን ከሐርቡ በቆርቆሮ ካመጡት ቅቤ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩበት። ሽታው ግቢውን ሞላው። አጎት ኑርሁሴን ሁለት ጊዜ እንጀራ አስጨመሩ። እንደ አንቺም ልማድ በጎድጓዳ ሳህን ለእትዬ ወርቅነሽ ላክሁ። ማታ ሳህኑን ልታመጣ የሄደችው ሀናን ተመልሳ «ሽሮህን ለዶሮዎቹ ሰጥተውታል» አለችኝ።

ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ «እጄ ካልጣመዎት ለምን አይነግሩኝም?» አልኳቸው። አነጋገሬን ብትሰሚ በጥፊ ነበር የምትይኝ። እሳቸው ግን በርጩማ ሳቡልኝና «ሚስባህ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉኝ። ረቡዕ አልኩ። «ታዲያ?» አሉ።

እታለም፣ ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ጾም መሆኑን ወሎ ተወልጄ አላጣውም። የእኛን ሽሮ ከእሳቸው ጾም ምን እንዳገናኘው ነው ያልገባኝ። አንቺ የምትሠሪው ርካሽ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ እንዲህ አሉኝ፦ «ረሂማ ሦስት ዓመት ሙሉ በነዚህ ሁለት ቀኖች ድስቷ ውስጥ ቅቤ አስገብታ አታውቅም። ሰኞና ማክሰኞ እኔ ለሁለት ቤት እሠራለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ እሷ ለሁለት ቤት ትሠራለች። ከሰሉ የአንድ ቤት፣ ዘይቱ የአንድ ቤት። ሽንኩርቱንም ቅዳሜ ገበያ አብረን ገዝተን ነበር የምንካፈል። ሥጋ እንደሆነ እናንተም የእኛን አትበሉ፣ እኛም የእናንተን፤ ከጋራው ድስት አይግባ ብለን ጨረስን። አልነገረችህም እንዴ?»

አልነገርሽኝም። ልጅ ነው ብለሽ ነው? እዚህ ላይ ተቀይሜሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ሦስት ዓመት እንደ ተመጽዋች አንገቴን ደፍቼ የበላሁት ምስር የራሳችን ነበር።

ዓርብ ሽሮውን በዘይት ብቻ ሠራሁት። እትዬ ወርቅነሽ ጾማቸውን የሚፈቱት በዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ምሳውን አዘገየሁ። ከጁምዓ ሶላት የተመለሱት አጎታችን ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ ድስቱን ከፍተው «በጁምዓም ሽሮ? የሙስሊም ቤት ነው ወይስ ገዳም? ቅቤዬንስ የት አደረስከው?» አሉ። «ቅቤው የቅዳሜ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው። «ሰኞ የበሉት ምጽዋት አይደለም አጎቴ፤ የእኛ ሰኞ ነው። ዛሬ ደግሞ የእትዬ ወርቅነሽ ዓርብ ነው» አልኳቸው። ዓይኔን አልሰበርኩም።

እትዬ ወርቅነሽ ያን ጊዜ እንጀራቸውን ይዘው ገቡ። በዚህ ቀን ሳህን አልላክሁም፤ ራሳቸውን ነው የጠራሁት። አጎት ኑርሁሴን ይቆርሱ ጀመር። ጉርሻቸው ሲፈጥን ጊዜ ሴትዮዋ «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ድስቱ የሁለት ቤት ነው» አሏቸው። አጎታችን ትን እስኪላቸው ሳቁ። ከሞትሽ ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ የተሳቀው ያን ቀን ነው።

ትናንት ቅዳሜ ሻንጣቸውን አነሡ። የአንድ ሰው ሻንጣ ብቻ። «እስከ ሰኔ» አሉኝ። «እናታችሁን እኔ አናግራታለሁ። ነገር ግን ይቺ ልጅ አንድ ቀን ሳትበላ ትምህርት ቤት ሄደች ሲባል ከሰማሁ፣ በሩን መጥቼ የምዘጋው እኔ ነኝ።» እሺ አልኩ። የአሁኑ እሺ የምሬን ነው።

ሀናን ሰላም ብላሻለች፤ ሹሩባዋን እትዬ ወርቅነሽ ይሠሩላታል። እሳቸውም «ነፍሷን ይማር» ሳይሉ ስምሽን አይጠሩም። እናታችን ስልክ ላይ ስምሽን ስትጀምር ይቆረጥባታል፤ ዱዓ አድርጊላት። አጎት ኑርሁሴን ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮት «ያቺ ተንኮለኛ! ጀነት ትግባ» ብለዋል፤ እንደ ሰላምታ ቁጠሪላቸው። አባባን እዚያ ካገኘሽው፣ ቤቱ እንዳልተዘጋ ንገሪልኝ።

ዛሬ ያለ ታላቅ አድረን የነቃንበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ሱብሒ ሰግጄ ከሰሉን አቀጣጠልኩ። እሑድ ስለሆነ ያለውን አየሁ፦ የደረቀ እንጀራና የሽሮ ትርፍ ነበር። ፍርፍር አደረግሁት። ሀናን «ጨው በዛ፤ ረሂማ እንዲህ አታደርግም» አለች። አዎ አታደርግም አልኳት። ጠርጋ በላችው። ከዚያ ደብተሬንና እርሳሴን ይዤ እትዬ ወርቅነሽ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጥኩ። ሲመጡ «ነገ ኅዳር ዐሥራ አምስት ነው፤ ጾም ይገባል አይደል?» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሳያወልቁ አጠገቤ ተቀመጡ። «እስከ ገና» አሉ። ሳምንቱን እንደገና ጻፍነው፦ ሦስት ቀን ድስቱ የእሳቸው፣ ሦስት ቀን የእኛ፣ በሁሉም ዘይት ብቻ። የሀናን እንቁላል ቅዳሜ ቅዳሜ በትንሿ መጥበሻ ለብቻው። እሑድ ላይ «ያለው» የሚለውን እንዳለ ገለበጥኩት። ያንቺን ወረቀት አላነሣሁም፤ የእኔን ከጎኑ ለጠፍኩት። የአጎታችንን ቅቤ ግን ክዳኑን አጥብቄ ሀናን የማትደርስበት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት።

ወንድምሽ ሚስባህ
ኮምቦልቻ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.