በምድር ቤቱ በር ስላልወጣው የሕፃን አልጋ

ለተከበሩ የሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ለሚመላለሱት እግሮችዎ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ የምኖረው ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ መሪ የለመደ እጄ ሥራ መፍታት ስላቃተው በትርፍ ጊዜዬ አናጺነት መሞከሬን ከቀረቡብኝ አቤቱታዎች ያውቃሉ። ልጄ የመጀመሪያዋን ባረገዘች ጊዜ የሕፃኑን አልጋ ራሴ እንደምሠራላት ነገርኋት። ባለቤቴ «ከመደብር ግዛና ተገላገል» ብትለኝም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና ጀመርሁት። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በረንዳዬ ላይ ስሠራ ሰጋቱራው ታች በተሰጣ ልብስ ላይ በማረፉ ወደ ምድር ቤት እንድወርድ ስለወሰኑልኝ አመሰግናለሁ። እዚያ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ጣውላዬ እስኪጠግብ ጠጥቶ አበጠ፤ ቀጥ ብሎ የገባው ሁሉ እንደ ተኳረፈ ዘመድ ፊትና ጀርባ ሆኖ አደረ። ባመለከትሁ ጊዜ «እየታየ ነው» ብለውኛል። እኔም እያየሁት ነው።

2. የመሥሪያ ሰዓት ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። የምድር ቤቱ መብራት ለቁጠባ የሚጠፋው በዚያው ሰዓት መሆኑ የኮሚቴው ጥፋት እንዳልሆነ፣ መብራት የሚመለከተው ሌላ ንዑስ ኮሚቴ እንደሆነ፣ የሁለቱም ሰብሳቢ እርስዎ ቢሆኑም በትዕግሥት አስረድተውኛል። በዚያ ጨለማ ምስማሩን ከአውራ ጣቴ መለየት ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

3. አልጋው ቆሞ ሲንገዳገድ አንዱን እግር ቆረጥሁ፤ ሌላው ረዘመ። እሱን ስቆርጥ ደግሞ ሦስተኛው ተነሣ። የተጣመመው ወለሉ እንጂ አልጋው እንዳልነበረ የገባኝ እግሮቹ ካለቁ በኋላ ነው። እርስዎም ለቁጥጥር ወርደው፣ ነካ አድርገውት፣ «ይወዛወዛል እኮ፤ ለሕፃን ደግሞ ጥሩ ነው» አሉኝ። ማጽናኛዎን አልረሳም።

4. ይኸኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ሌባ እንዳይገባ ብለው ምድር ቤቱ ላይ የብረት በር ያስገጠሙት፣ እኔ አልጋውን በኮላ አጣብቄ እንዲደርቅ በተውሁበት ቀን ነበር። በማግስቱ ልጄን ምጥ ያዛት፤ ሴት ልጅም ወለደች። ከሆስፒታል ሳይመለሱ ላወጣው ብወርድ፣ ብረቱ መውጫውን አጥብቦት አልጋው በቁመቱም በጎኑም እምቢ አለ። ከጥበቃው ጋር ብናገላብጠው፣ ብናዘነብለው፣ ብንለማመጠው አልሆነም። ጥበቃው ላቡን ጠርጎ «አባባ፣ ወይ በሩ ወይ አልጋው ነው» አለኝ። ቤትዎ መጥቼ የበሩ ብሎን ለአፍታ እንዲፈታልኝ ለመንሁ። እርስዎም በአክብሮት አስቀምጠውኝ፣ በሩ የጋራ ንብረት በመሆኑ ምልዓተ ጉባኤ እንደሚያስፈልግ፣ አንድ አባል ደግሞ ከከተማ ስለወጡ ጉባኤው እንደማይሟላ ገለጹልኝ።

ወርጄ መጋዜን አነሣሁ። በዕድሜዬ ቀጥ አድርጌ የቆረጥሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግማሹን ጥበቃው፣ ግማሹን እኔ ተሸክመን አራተኛ ፎቅ አወጣነውና በብረት ማያያዣ ገጠምሁት። ልጄ ሕፃኗን አቅፋ ስትገባ መሃሉን በጣቷ ዳበሰችና «አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ። እኔም ከእርስዎ በተማርሁት የስብሰባ ቃል «እየታየ ነው» አልኋት። ሕፃኗን አጠገቧ አስተኛቻት። ባለቤቴም የታጠበ ልብስ እያጠፈች አልጋው ውስጥ መደርደር ጀመረች፤ እስከ ዛሬም የልብስ ማስቀመጫ ነው።

በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው ነገር የለም፤ መጠየቅ የት እንደሚያደርስ አይቻለሁ።

ለሰብሳቢነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለብሎኖችዎ ጥንካሬን እየተመኘሁ፣ በተፈቀደልኝ ሰዓት በጨለማ የምገኘው፣
ታዛዥ ጎረቤትዎ፣ ከአራተኛ ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ባለቤትዎ መጥተው ለሳሎናችሁ ትልቅ የዕቃ መደርደሪያ እንድሠራላቸው አዘዙኝ። በዚያ በር እንደማይወጣ ብነግራቸው «እሱን ለእኔ ይተዉት፤ በሩን አስነቅለዋለሁ» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልሁምና ልኬቱን ወስጃለሁ። ምልዓተ ጉባኤው ማን እንደሆነም ያኔ ገባኝ።