ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማ

ጥር 6፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ጥሩምባው ዛሬም መጣ። ያው የመስጊዱ፣ የሴቶች ክፍል ድምጽ ማጉያ። ወንድሜ ሰዒድ በፌስታል ጠቅልሎ በሩ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከመስከረም ወዲህ አራተኛ ጊዜው ነው። ፈታሁት። ሽቦው ደህና። ውስጡ ደህና። ችግሩ ከሱ አይደለም ብዬ ነበር ባለፈውም። የሚሰማኝ የለም።

የሴቶች ክፍል የምንለው ከመስጊዱ ጀርባ የተቀጠለች ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ነች። መሀል ላይ ድፍን ግድግዳ አለ። ኢማሙን አናያቸውም። ያለን ይኸው ጥሩምባ ነው። ለመናኸሪያ የተሠራ ዕቃ በቆርቆሮ ስር ሲጮህ ድምጹ ተመልሶ ከራሱ ጋር ይጋጫል። ጩኸት ይወጣል፣ ቃል አይወጣም። ይህ በካቻቪቴ አይጠገንም።

ሰዒድ ፒያሳ ሱቅ አለው። ታፔላው «ሰዒድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና» ይላል። ጥገናው ግን እዚህ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የኔ መስኮት ስር። ሰው ለሰዒድ ይሰጣል፣ እኔ እጠግናለሁ፣ ሰዒድ ይመሰገናል።

ሙያውን ያገኘሁት ከተጣለ ቴፕ ነው። ፊደልንም እንደዚያው፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። ኋላ ሬዲዮ ከፍቼ የሚለውን እየጻፍኩ እጄን አፍታታሁ። እስከ ዛሬ ድምጽ ማጉያ ዳነ የምለው በዚሁ ነው። ቁጭ ብዬ የሚናገረውን እጽፋለሁ። ቃሉ ሁሉ ወረቀት ላይ ከወረደ ድኗል። ካልወረደ አልዳነም። ሌላ መለኪያ የለኝም።

ጥር 8፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ከጁምዓ መልስ። ደሜ ፈልቷል።

ጥሩምባውን ጠዋት ራሴ ሰቀልኩ። ስሩ ተቀምጬ የኢማሙን ንግግር ጻፍኩ። የወረደው ይኸው፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፦

«ወገኖቼ... አላህ... ትዕግ... ዎዎዎ... ቤታችን... በሩ... ሴቶች... ዎዎዎ... እስከ ረቡዕ... ዎዎ... ሚስቶ... ዎዎዎዎ...»

ሴቶች የሚለው ወጣ። ሴቶች ምን እንደሆንን አልወጣም።

እትዬ ሩቂያ አጠገቤ ነበሩ፣ ጎረቤቴ። ከግድግዳው ወዲያ ወንዶቹ ሳቁ። እትዬ ሩቂያም ሳቁ። ምን አሉ? ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኸረ እኔስ ምን አውቄ። ሲስቁ ሳቅሁ።»

ስንወጣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ እንድሪስ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አንዷ አይሰማንም አለቻቸው። ሴት ወሬዋን ብትተው ይሰማት ነበር አሉ። ወንዶቹ እንደገና ሳቁ። አሁንስ የሳቁበትን ሰማሁ።

ጥር 11፣ ሰኞ

ጥምቀት። ሱቅ ዝግ። ሰዒድ መጣ።

ከረመዳን በፊት ለመስጊዱ አዲስ የድምጽ ዕቃ ሊገዛ ነው። ያዋጡት ዓረብ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሴቶች ልጆች። የሰው ቤት ወለል የሚያጥቡ። ይህን ማንም አያነሳውም።

አንድ ኮምቦልቻ ያለ ሆቴል ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጡ ነጋዴዎች የሚያሳዩት አለ። እጅግ ውድ የሆነ፣ ሀብታም ሳሎኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው ዓይነት። ሐጂ እንድሪስ ሰዒድን ባለሙያ ብለው ሊወስዱት ነው። ሰዒድ ደግሞ እኔን። «እታለም፣ አንቺ ስሚ፣ እኔ እናገራለሁ።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ላንተ ብቻ ልንገርህ ደብተሬ። በዕድሜዬ የሰማሁት ሁሉ የተሰበረ ነው። ደህናውን ዕቃ ወደኔ የሚያመጣ የለም። አንድ ቀን ያልተሰበረ መስማት አማረኝ።

አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት። እሱ ዓርብ ዕለት በወንዶቹ በኩል ተቀምጦ የኢማሙን ንግግር በስልኩ ቀድቶታል። በፍላሽ ገልብጠህ ያዝ አልኩት። ነጋዴ የሚያሰማው ዕቃውን የሚያሳምርለትን ነው። እኔ ሰው ሲናገር ነው መስማት የምፈልገው።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ 12 ሰ. ገደማ

አሁን ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

ከመጀመሪያው ልጻፍ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ምራቄን እየዋጥኩ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ሐጂ እንድሪስና ሰዒድ እንደወረዱ ገቡ። በተደፈነ ጆሮ የድምጽ ዕቃ ሊመርጡ።

አንደኛው ክፍል። የጫማ ካርቶን የሚያክሉ ሁለት ስፒከሮች በዘንግ ላይ። ክራር አሰሙን። ድምጹ ከሳጥኖቹ አይደለም የሚመጣው፣ ከመሀላቸው፣ ምንም ከሌለበት አየር ላይ። ጥፍሩ ክሩን ሲፍቀው ይሰማል። ድርድሩ ካበቃ በኋላ እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ቆሜ ቀረሁ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ይህን ሳልሰማ ነው ያረጀሁት? ዳነ ብዬ የመለስኩት ቴፕ፣ ሬዲዮ፣ ያ ሁሉ ሳይድን ነው የመለስኩት?

ሁለተኛው ክፍል። አምፖል ያለው ማጉያ፣ የድሮ ሬዲዮ ዓይነት፣ ፍም መስሎ የሚቀላ። ከስንቱ የሬዲዮ ሬሳ እንዲህ ያለ አምፖል አውጥቻለሁ። የሴት ዘፈን አሰሙ። ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁ፣ ከንፈሯ ሲላቀቅ ሰማሁ። ድምጹ ማር ነው። ግን ማሩ በዛ፤ «ሰ» እና «ሸ» ተዋዋጡብኝ። እንደ ልማዴ ግጥሙን ጻፍኩ፣ ሦስት ቃል አመለጠኝ። ጋደም ብሎ ለመስማት ይሆናል። ምክር ለመስማት አይሆንም።

ሻጩ ጎረምሳ ሱፍ ለብሷል። «ምን ይጽፋሉ፣ እማማ?» እማማ! በአርባ ሰባት ዓመቴ። አምፖሉን እንዳይነኩት ይፋጃል አለኝ። አንተ ሳትወለድ ፈጅቶኛል አልኩት። በሆዴ።

ሦስተኛው፣ ትልቁ አዳራሽ። ሁለት ጥቁር ስፒከሮች፣ ቁመታቸው የኔን የሚያክል። ፊት ለፊታቸው አንድ ወንበር። አንድ ብቻ። ድምጹ የሚገጣጠመው እዚያ ወንበር ላይ ነው አለ ሌላው ሻጭ፤ የንጉሥ ወንበር ብለው ጠርተውታል። ወንዶቹ በተራ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔና ውሃ የምታድለው ልጅ ከበሩ አጠገብ ቆምን። ከበሩ ሲሰማ ዱም ዱም ብቻ ነው፣ የጎረቤት ሰርግ። ልጅቷን ተቀምጠሽ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? አልኳት። ሳቀች። «እኔ? ኸረ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሐጂ እንድሪስ ተቀመጡ። ሰዒድ ፍላሹን ሰጠ። የኢማሙ ድምጽ ወጣ። «ማሻአላህ! ወላሂ እፊቴ የቆሙ ነው የሚመስለው!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። እኔ ከበሩ አጠገብ ጻፍኩ። ግማሹ ወረደ። ከጥሩምባው ይሻላል፣ ግን ግማሽ።

ሐጂ ተነስተው ከነጋዴው ጋር ጥግ ያዙ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ተራ አለ እኮ» አለኝ ሻጩ።

ተራዬ ነው አልኩት። ይሄኛውን በአፌ። ከመጀመሪያው መልስልኝም አልኩት። መለሰልኝ። ጻፍኩ። አንድም ቃል አላመለጠኝም፦

«ወገኖቼ፣ አላህ ከትዕግሥተኞች ጋር ነው። ቤታችን ለሚማር ሁሉ በሩ ክፍት ነው። አማርኛም ዓረብኛም ማንበብ ለሚፈልጉ ሴቶች፣ ወጣትም አሮጊትም ቢሆኑ፣ አስተማሪ ተገኝቷል። እስከ ረቡዕ ለኮሚቴው ስማቸውን ያስመዝግቡ። እንግዲህ ሚስቶቻችን ማንበብ ከጀመሩ በኪሳችን የተገኘ ወረቀት ሁሉ ሊነበብ ነው፣ ተጠንቀቁ።»

ከዚያ የወንዶቹ ሳቅ። ጥርት ብሎ፣ ማን ከግራ ማን ከቀኝ እንደሳቀ እስኪለይ። እትዬ ሩቂያ አብረው የሳቁት እዚህ ላይ ነው።

ረቡዕ አልፏል። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ተነሳሁ።  ሐጂ ዘንድ ሄጄ ስለ ሴቶቹ ትምህርት ጠየቅኋቸው።

«ተነገረ እኮ። አንዲት ሴት አልመጣችም። አስተማሪውን ለወንዶቹ ልጆች አዞርነው። ካልፈለጋችሁ ምን እናድርግ?»

«አልሰማንም፣ ሐጂ።»

ወደ ጥቁሮቹ ስፒከሮች በእጃቸው አሳዩኝ። «እንዴት አይሰማም? ይኸው ጥርት ብሎ ይሰማል!»

ሰዒድ ክንዴን ያዘ። እታለም አታዋርጂኝ አለኝ በሹክሹክታ። ለመስጊድ እንደማይሆን፣ የሳሎን ዕቃ እንደሆነ ልነግራቸው ነበር። አላስጨረሰኝም።

ገዙት። ያንኑ፣ ሁለቱንም ጥቁሮች። ግራና ቀኝ፣ በወንዶቹ በኩል። ለሴቶቹስ? አለ ሰዒድ፣ ይህን እንኳ ጠይቋል። ጥሩምባው ይበቃቸዋል፣ አንተ ትጠግነዋለህ አሉ ሐጂ።

አንተ!

ጥር 18፣ ሰኞ

እትዬ ሩቂያ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ከዓረብ አገር ጽፋላቸዋለች። በየሳምንቱ እኔ ነኝ የማነብላቸው። ልጅቷ ይህን ታውቃለች፤ ለዚያ ነው የምትጽፈው ሁሉ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ብቻ የሆነው። በሰው ዓይን ለሚነበብ ሌላ ምን ይጻፋል? አንዴ ብቻ አምልጧት ስለ አሠሪዋ አንድ ነገር ጻፈች። ሳነበው እትዬ ሩቂያ ወደኔ ሳይሆን ወደ መሬት አዩ። እኔም ከዚያ በላይ አላነበብኩም።

ስለ ምዝገባው ልንገራቸው አልንገራቸው እያልኩ ቆየሁ። ነገርኳቸው። ከደብተሩ አነበብኩላቸው፣ ቀልዱንም ጭምር።

 የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ ጠቀለሉ።

«እንግዲያ ያን ዕለት የሳቅሁት በራሴ ነበር በይኛ።»

 ከሄዱ በኋላ ሰዒድ ትናንት እንደገና ያመጣልኝን ጥሩምባ ከጠረጴዛው አንስቼ መሬት ላይ ጣልኩት። ለዓመል ያህል ጎበጥ አለ። አልጠግነውም።

ጥር 20፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ዕቃው መጣ። ሰዒድም መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ከኋላው ያለው የሽቦ መግቢያ ብዛቱ ግራ አጋብቶታል። የነጋዴዎቹ ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ሐጂ እንድሪስ ለዓርብ ጁምዓ እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ሰዉን ለነገ ጠርተዋል፣ ከጁምዓው በፊት ሊታይላቸው።

ነገ በጠዋት መጥተሽ አገጣጥሚልኝ አለኝ። ሰው ሳይመጣ፣ በማለዳ፣ አለ። ሰው ሳይመጣ!

እሺም እምቢም አላልኩትም። ዝምታዬን እንደ እሺ ለምዶታል። እኔ ነኝ ያስለመድኩት፤ ይሄ ደግሞ በሱ ሳይሆን በራሴ ያናድደኛል።

ጥር 21፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1 ሰ. ተኩል

ሳስበው ቆየሁ። ስለ ክራሩ። ያ ክራር በአየር ላይ እንዲቆም ሁለቱም ሳጥኖች ያስፈልጉታል፤ ግራው የግራውን፣ ቀኙ የቀኙን ይላል። ለዚያ ነው ያ ወንበር መሀል ላይ የተቀመጠው።

ኢማሙ ግን አንድ ሰው ናቸው። አንድ አፍ፣ አንድ ማይክ። ከግራውም ከቀኙም የሚወጣው ያው ቃል ነው። ለአንድ አፍ ሁለት ጥቁር ሳጥን በአንድ ወገን ምን ያደርጋል? ለዓይን ነው እንጂ ለጆሮ አይደለም።

ስለዚህ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። የሳሎን ዕቃ ነው፣ ለኛ ጠባብ ክፍል እንዲያውም ይስማማታል። ግድግዳው ላይ የምትፈለገው ቀዳዳ ሽቦ የምታሳልፍ ብቻ ነች። ሽቦውን ለክቼ ጠቅልዬዋለሁ። ቆርቆሮው እንዳያስተጋባ ሁለት አሮጌ ብርድ ልብስ ከጣሪያው ስር እወጥራለሁ።

ይህን የሚነግራቸው ሰዒድ አይደለም። እኔ ነኝ፣ ለሐጂ እንድሪስ፣ በአፌ፣ ሰው ባለበት። ያ ሳጥን ነገ መጀመሪያ የሚናገረው የሴቶቹን ምዝገባ ነው፣ እንደገና። የመጀመሪያዋ ሩቂያ። ሁለተኛዋ እኔ፤ በዓረብኛው ፊደል ስኳር ተጠቅልሎልኝ አያውቅም፣ አላነበውም። እምቢ ካሉ ካቻቪቴዬን ይዤ ወደ ቤቴ። ታፔላው ያገጣጥምላቸው።

ሰዒድ ከበሩ እየጠራ ነው። እታለም ቶሎ በይ፣ ሐጂም መጥተዋል፣ ሰዉም እየመጣ ነው ይላል። ይምጣ። ደስ ይለኛል።

አንተም ትመጣለህ ደብተሬ። እንዴት አይሰማም? ብለውኛል። የጥር 8ን ገጽ ከፍቼ አነብላቸዋለሁ፣ ከዳር እስከ ዳር። ዎዎዎውንም ሳልቀንስ።