መነጽራሙ ወርዋሪና ሌሎች ተራ ሰዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፪ ቀን

በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እስክደግም ድረስ በአለንጋ ተገርፌአለሁ። አንዲት ቃል በዘለልሁ ቁጥር በጠጠር ላይ ተንበርክኬአለሁ። ከሳጉሬ አሰላ በውርጭ ተመላልሼ ተምሬአለሁ፤ ጫማ ነበረኝ፣ ካልሲ አልነበረኝም። መምህር ከሆንሁም በኋላ ከሁሩታ ወደ ጎበሳ፣ ከጎበሳ ወደ ሌላ ቦታ እንደ ዕቃ ተዛውሬአለሁ። በአንድ መስመር ደብዳቤ ከሥራ ተሰናብቼ፣ ከዓመታት በኋላ በአንድ መስመር ደብዳቤ ተመልሻለሁ። ባለቤቴን ቀብሬ በሳልስቷ ማግስት ክፍል ገብቻለሁ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላማረርሁም።

ዛሬ ግን አማርራለሁ።

ልጄ ጌቱ ትናንት ከአዳማ መጣ። ዛሬ ምሳ ላይ የብስኩት ቆርቆሮዬን ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ ካርዶቼን በገበታው ላይ በተናቸው። እጁ ወጥ ነበረበት።

«አባባ፣ ከነዚህ ውስጥ ዝነኛው የቱ ነው?»

«እጅህን ታጠብ» አልሁት።

የአሜሪካ የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርዶች ናቸው። አሰላ ስማር አሜሪካዊው የእንግሊዝኛ መምህራችን በዲክቴሽን አንድም ስሕተት ለማይገኝበት ተማሪ አንድ አንድ ይሸልም ነበር። ያሉኝ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ አንዱም በልመና አልመጣም። በፊታቸው የሰውየው ፎቶግራፍ አለ። በጀርባቸው ደግሞ ታሪኩ፤ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ በየትኛው እጁ እንደሚወረውር፣ የተዛወረባቸው ቡድኖች፣ ጨዋታ በሌለበት ወራት ምን ሠርቶ እንደሚያድር። እንግሊዝኛን የተማርሁት ከነዚያ ጀርባዎች ነው። አንዱ መድን ይሸጣል። አንዱ ከአማቱ ጋር ላም ያልባል። ዝነኛ የለባቸውም።

ጌቱ የድሮ የአሜሪካ ካርድ የሚያገበያይ ሰው አዲስ አበባ አለ ይላል። እሑድ ሲመለስ ይዟቸው መሄድ ይፈልጋል። «ለመሆኑ እርስዎ ካለፉ በኋላ ለማን ይሆናሉ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አፉ በእንጀራ ተሞልቶ መጠየቁ ግን አስጸየፈኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር ፫ ቀን

ጨዋታውን በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም ነበር። መምህራችን «እንደናንተ የገና ጨዋታ ነው፤ ኳሱን በዱላ መምታት ነው» ብሎናል። የቀረውን በሐሳቤ ሞልቼ ኖርሁ። ንጹሕ የለበሱ፣ በሥርዓት የቆሙ፣ እንደ ቅዳሴ ልዑካን ቦታቸውን የሚያውቁ ሰዎች።

ዛሬ ጌቱ በስልኩ አሳየኝ።

ይተፋሉ።

ወርዋሪው ኳሱን ለመቺው ከመወርወሩ በፊት ይተፋል። መቺው ዱላውን ከማንሣቱ በፊት ይተፋል። አሠልጣኙ፣ ሽበት የወረሰው ሰውዬ፣ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጦ ይተፋል። ጉንጫቸው እንደ ጫት ቃሚ ጉንጭ ተወጥሯል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሱሪያቸውንም ያስተካክላሉ፤ የቱ ላይ እንደሚያስተካክሉ አልጽፍም።

ጌቱ ፊቴን አይቶ ሳቀ። «አባባ፣ መላእክት መስለዎት ነበር እንዴ?»

በእኔ ክፍል የተፋ ተማሪ ግቢውን ሙሉ ጠርጎ ነበር የሚገባ። እራት አልበላሁም።

ማታ ቆርቆሮውን ከፍቼ ከካርዶቹ መካከል መነጽራሙን አየሁት። ወርዋሪ ነው። አንድ የጨዋታ ዘመን ብቻ ተሰልፎ ተሰናበተ። ጨዋታ በሌለበት ወራት በአባቱ እንጨት መሰንጠቂያ ይሠራል። «ተሰናበተ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የተማርሁት ከእርሱ ነው፤ እኔ ራሴ በተሰናበትሁበት ዕለትም ኪሴ ውስጥ ነበረ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው እርሱን ነው።

አንተም ትተፋ ነበርን? አልሁት። ክዳኑን ገጠምሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር ፬ ቀን

ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ቆርቆሮው ባዶ ነው።

ጌቱ በኩራት ነገረኝ። ካርዶቹን ለደላላው ፎቶ አንሥቶ ከመላኩ በፊት «እንዲያምሩ» ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥቷቸዋል፤ ላሚኔት እንዲደረጉ። በጋለ መኪና መካከል አሳልፈው ፕላስቲክ ሊያለብሷቸው። «ምን ችግር አለው አባባ? ዲግሪዬንስ ላሚኔት አስደርጌው የለ?»

በትሬን ይዤ ወጣሁ። ሱቁ ከሚኒባሱ ማቆሚያ ፊት ለፊት ነው። የሱቁ ባለቤት ዘይቱና ናት፤ የጎረቤቴ የሐጂ ከድር ልጅ። ልጅ ሳለች ሯጭ ነበረች፤ ከዚያ ጉልበቷን ታመመች።

ደረስሁ፤ ግን ዘግይቼ ነበር። መደዳውን ተዘርግተዋል። የሚያብረቀርቁ፣ የሚሸቱ፣ ጠርዛቸው የሚቧጥጥ። በጣቴ ብዳስስ ወረቀት የለም። ከስንት ዘመን በኋላ የቀበሌ መታወቂያ ሆኑ።

«ወላሂ መምህር፣ እርስዎ ያዘዙ መስሎኝ ነው» አለች ዘይቱና።

አንዲት ብቻ ቀርታለች። መነጽራሙ። በእጇ ይዛ ጀርባውን ስታነብ ነው የደረስሁት።

«መምህር፣ ይሄ ልጅ እንጨት መሰንጠቂያ ይሠራል ይላል። ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ?»

አልመለስሁላትም። ሰብስቤ ወጣሁ። ደኅና ዋይ እንኳ አላልሁም። እንዲህ ያለውን ብልግና በሌላ ሰው ባይ ኖሮ ስንት እናገር ነበር።


ዓርብ፣ ኅዳር ፭ ቀን

ደላላው ደወለ። ጌቱ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ምነው ባላደረገው።

«ጌትሽ፣ ምን ነካህ? ላሚኔት የተደረገ ካርድ እኮ ማንም አይነካም፤ ሞተ ማለት ነው። ደሞ ባይደረግም ያው ነው። ዝርዝሩን አየሁት፤ ሁሉም ተራ ናቸው። ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሏቸው፤ ተራ። ደህና ደህናውን ያ ፈረንጅ ይዞት ሄዷል።»

ተራ! በዝናብና በፀሐይ የተጫወተ፣ ከአገር አገር የተዛወረ፣ በትርፍ ጊዜው ላም ያለበ ሰው ተራ ነው። ይህ በስልክ የሚውለው ሰውዬ ግን ተራ አይደለም።

መምህራችን ደህና ደህናውን ለራሱ አስቀርቶ ትራፊውን ሸልሞን ይሆን? ይሆናል። ይህንም ሳስብ አፌ መረረ። ዲክቴሽኑ ግን ትራፊ አልነበረም።

ጌቱ አኩርፎ ዋለ። ሲመሽ «ላሚኔት ያበላሸዋል ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለ።

«ትምህርቱን ከእጅህ መታጠብ ጀምሬልህ ነበር» አልሁት።

ከእንግዲህ የሚገዛቸው የለም ማለት ነው። ደስ አለኝ። በዚህ መንገድ ደስ ስላለኝም ራሴን ተጸየፍሁት። ጥያቄው ግን እንዳለ ነው፤ ለማን ይሆናሉ? ጌቱ ዛሬ ቆርቆሮውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አለፈ። እኔ ካለፍሁ የት እንደሚወድቁ አየሁ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር ፮ ቀን

ጥያቄ ሳልመልስ ክፍል ለቅቄ ወጥቼ አላውቅም። ጠዋት መነጽራሙን በደረት ኪሴ ይዤ ወደ ዘይቱና ሱቅ ሄድሁ። ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ።

«መልስ ይዤ መጣሁ» አልኋት። «ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። የጻፈ የለም።»

«ምን ይሆናል መምህር፣ እንጨት ይሰነጥቃላ» አለች። «እኔስ ይኸው ፕላስቲክ እተኩስ የለ?»

ከዚያ ነገረችኝ። ጎረቤቴ ሆና ይህን አላውቅም ነበር። አሯሯጭ ነበረች። «ፊት ፊት እሮጥና ንፋሱን እከላለሁ። ሊያልቅ ሲል ከመሮጫው እወጣለሁ። ቴሌቪዥኑም ያን ጊዜ ነው ወደኋላ ወደ ዋናዎቹ የሚዞር። አባቴ እኮ አንድ ቀን አይቶኝ፣ ‹አንደኛ ሆና ስትመራ ምን ነክቷት ነው ትታ የወጣች?› ብሎ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም።»

ሳላስበው ሳቅሁ። በዚያው ተጫዋቾቹ እንደሚተፉ ነገርኋት። እንደኔ የምትጸየፍ መስሎኝ ነበር። የላሚኔት መኪናዋን ተደግፋ እስኪያስነባት ሳቀች።

«እኛስ አንተፋም እንዴ መምህር? አፍ ደርቆ ምራቁ ሙጫ ሲሆን ምን ይደረጋል? ጠዋት ጠዋት ከአስፋልቱ ዳር እርስዎን ያየሁ ቀን ብቻ ነበር የምውጠው። ከዚያ ያንን ዳገት ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር የምጨርሰው።»

ምን ይባላል? አስጸያፊ ነው። አሁንም አስጸያፊ ነው። ነገር ግን በእኔ ምክንያት ስንት ዳገት ትንፋሽ አጥሯት እንደ ወጣች ሳስብ ዋልሁ። መነጽራሙም ወዛም ፊቱን ይዞ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይትፋ። እንጨት ሲሰነጥቅ የዋለ ሰው ጉሮሮው አቧራ አለበት።

ስወጣ «የቀሩትንም ሳላነብ ነው እኮ የተኮስኋቸው» አለችኝ።


እሑድ፣ ኅዳር ፯ ቀን

ከቅዳሴ ስመለስ ጌቱ ሻንጣውን አሥሯል። ሳልነግረው እጁን ታጥቦ ካርዶቹን ወደ ቆርቆሮው መልሷቸዋል፤ ግማሾቹ ተገልብጠዋል። ፕላስቲኩ ስላወፈራቸው ክዳኑ አልገጥም ብሎ በላስቲክ አሥሮታል። ይቅርታ ማለቱ እንደ ሆነ ገባኝ፤ አንገቱን አቅፌ ሳምሁት። ከዚያም ካርዶቹን ለማን ልሰጥ እንዳሰብሁ ነገርሁት።

«የሐጂ ከድር ልጅ? ለምን ለሷ?»

«ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች።»

«እኔ አልጠየቅሁም» አለና ሻንጣውን አነሣ። ሚኒባሱ እስኪነሣ አብሬው ቆምሁ። ቅር ብሎት እንደ ሄደ ወይም እንዳልሄደ አላውቅም።

እንግዲህ በሙሉ ልቡናዬ የምጽፈው ይህ ነው። ቤቱና ቦታው፣ መጻሕፍቴና የአባቴ ዳዊት ለልጄ ለጌቱ ናቸው። ፕላስቲክ የለበሱት ሠላሳው ካርዶችና ያልለበሰው መነጽራም ወርዋሪ፣ ከነቆርቆሯቸው፣ ለዘይቱና ከድር ናቸው። እስክሞት አልጠብቅም። ነገ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት በእጄ አስረክባታለሁ።