ቃሏ መጣ፣ ሌላው ባለበት ነው

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡30
ጫማ እያደረግን ነው። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው። ከተሳሳትኩ ሁሉም እንደ አዲስ። ትዕግሥት፣ ልጄ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። በሩ ላይ ቆማ «ዝናብ» አለች።
አለቀስኩ። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ጥቅምት 11
ስምንት ቃል። ባሌ ይርጋ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። እናቱ ትናገር ብለው የተሳሉትን ስለት ሊያስገቡ ከበየዳ መጡ። እኔም፣ ማስታወሻዬ፣ አምኛለሁ፤ አንዱ ከተፈታ ሌላው ይከተላል። ዓይኔን ማየት ትጀምራለች። ከልጆች ጋር ትጫወታለች። የጫማው ነገር ይቀራል።

ጥቅምት 19፣ ከሰዓት
መጥፎ ቀን። የገበያው መንገድ ለቱቦ ተቆፍሮ ተዘግቷል። በሌላው ልወስዳት ስል መሬት ላይ ወድቃ ራሷን በጡጫ መታች። ባጃጆች ቆሙ። አንዲት ሴትዮ ልጅሽን ስድ ለቀሽ አሳደግሻት ብላ ገሠጸችኝ። ይርጋም ተቆጣ፤ መናገር ከቻለች አውቃ ነው የምታስቸግረው፣ ቁንጥጫ ያርማታል አለ። በልቤ እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። አፈርኩ።

ኅዳር 2፣ ጎንደር
ትዕግሥትን ለሐኪም ልናሳይ መጣን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ቀስ ብላ አስረዳችን። ኦቲዝም ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች አብረው ይታያሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ይዞ ላይሄድ ይችላል። ንግግር ሲያድግ፣ ከሰው መቀራረቡ ባለበት ሊቆይ፣ እንደ ጫማው ያለው ድግግሞሽ ሊብስ ይችላል። ምሁራኑም ገና ይከራከሩበታል አለች።
ይርጋ መሬት መሬት እያየ «ታዲያ አልዳነችም ማለት ነው?» አላት።
«ተናግራለች፤ በዚያ ደስ ይበላችሁ። ሌላውን ግን ከቃሏ አትጠብቁ።»
ስንመለስ አውቶቡሱ ዳባት ቆመ። ይርጋ ድንገት ጊች መንደር ይኖሩ ስለነበሩት አጎቱ አወራኝ። ሰው ወዳድ፣ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። በቅሏቸው ከለመደችው ቦታ ሌላ ከታሰረች ግን እህል አይቀምሱም። ያቺ አንዷ ጠባይ ብቻ። ይኸን አስቤው አላውቅም አለ። የትዕግሥትን እጅ ያዘ። ነጠቀችው። አልተቆጣም።

ኅዳር 5
ወሰንን። ት/ቤት ትገባለች። የመጀመሪያውን ወር አብሬያት እቀመጣለሁ፤ የልብስ ስፌት ሥራዬን እህቴ ትይዝልኛለች። ቁንጥጫ የለም፤ ይርጋ በራሱ አፍ ብሏል። መንገድ የሚቀየር ከሆነ ቀድመን እናሳያታለን። ቃሉን ለብቻው፣ መንገዱን ለብቻው እንይዛለን።
ዓይኔን እንድታየኝ መመኘት ተውኩ አልልም። ሰሞኑን ስትናገር አገጯን ይዤ ወደ እኔ አዞራት ነበር። ዛሬ ተውኩ። ግድግዳውን እያየች «እማ» አለች።
አቤት አልኳት።