ጆንያ የለበሰችው ሙሽራ

ኅዳር 9፣ እሑድ

ቢሮ ከገባሁ ዛሬ ሦስት ወር ሞላ። አዲስ ደብተር ገዛሁ። ከእንግዲህ ሁሉንም ልጽፍ... ያልተጻፈ ነገር እንዳልነበረ ነው።

የሥራ ሳምንቱ መጀመሪያ ነውና፣ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው በአቡ ረሺድ መኪና ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ አማን። አቡ ረሺድ የአቡ ሱፍያን ሾፌር ነው። ሃያ ዓመት ነድቶላቸዋል፣ ሃያ ዓመት አምቷቸዋል። ፈላፍሉን እየገመጠ፣ «ኅዳር ሊጋመስ ነው፣ ጠብታ የለም። ቱማዲር፣ ለዝናቡም አቋም ጻፊለት እንጂ!» ይለኛል።

በሥራዬ መቀለዱ ነው። አቡ ሱፍያን የጎሳችን ሰው፣ የምክር ቤት አባላችን ናቸው። ድረ ገጽ ይከፈትላቸው ተባለና «የክቡር አባሉ አቋሞች» የሚለውን የምሞላው እኔ ሆንኩ። የውጭ ጉዳይ፣ እርዳታ፣ የአገር ደኅንነት። ሦስት ባዶ ገጽ። ስለ መንገድ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ውኃ ቦቴ ቢጠየቁ እስኪመሽ ያወራሉ። ስለ ውጭ ጉዳይ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ የእኔ የውጭ ጉዳይ ከጎረቤት አለመጣላት ነው።»

«አጎቴ፣ እሱ እኮ አቋም አይደለም።»

«ከእኔ ጎረቤት ጋር ኑሪና ታይዋለሽ።»

ሳቅሁ። ግን የምሬን ነው። የድንበር ድጋፍ ስምምነቱ በቅርቡ ለድምፅ ይቀርባል። እርዳታ የሚሰጠን ያ ትልቅ አገር በጨለማ የሚያዩ ካሜራዎች ይጨምርልናል። ሰባተኛው አንቀጽ ግን፣ እንደ በፊቱ ስምምነት ሁሉ፣ ቢበላሹ ከእነሱ ባለሙያ በቀር ማንም አይከፍታቸውም ይላል። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚህ አንቀጽ ነበር። ፈታኙ እንኳ ያነበበው አይመስለኝም... አሁን አገር ያነበዋል።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ሳይል ለሁለት ቀን ፈቃድ መጣ! ወንድሜ ሲመጣ ቤቱ ራሱ ይጮኻል። እማ መቅሉባ ሠራች። ድስቱን ስትገለብጠው ሩዙ ሳይፈርስ ቆመ፣ ሳይል አጨበጨበ።

«እሺ ክብርት ሚኒስትር፣ አገር እንዴት ናት?»

«እሱንማ ድንበር የሚጠብቀው ይንገረን። ካሜራችሁ እንዴት ናት?»

«ሙሽራዋ? ተኝታለች።»

እንዲህ ነው ነገሩ። የጣቢያቸው ካሜራ ከጠፋች አርባ አምስት ቀን ሆኗታል። መስታወቷ በፀሐይ እያብለጨለጨ ከወዲያ ማዶ ስለሚያሳብቅባቸው የዱቄት ጆንያ አለበሷት። «ልክ እንደ ሙሽራ» አለ አንዱ፣ «ተሸፍና ቁጭ። ሁሉ ያያታል፣ እሷ ማንንም አታይ።» ስሟ በዚያው ቀረ። ጠዋት ተረኛው ገብቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላታል። ባለሙያው ሰኞ ይመጣል ተብሏል። የትኛው ሰኞ? ሲጨልም በጆሮ ነው የሚጠብቁት። በጆሮና በአንዲት ውሻ።

እማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ... ይሄ እኮ ሰባተኛው አንቀጽ ነው! ጆንያ ለብሶ!

ኅዳር 16፣ እሑድ

ንግግሩን ጻፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም። ሙሽራዋን መሐል ላይ አስቀመጥኳት። ጆንያውንም፣ «እንኳን ደስ ያለሽ»ንም።

አቡ ሱፍያን አነበቡት። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሳቅ ነው። ከዚያ ቀና አሉ።

«ይህን ከየት አገኘሽው?»

«ከታመነ ምንጭ።» እንደ ጋዜጠኛ!

«ወረቀት ነው ሰው?»

«ሰው።»

«ሰው ከሆነ እናት አለው። ልናገረው?»

«ይናገሩት አጎቴ።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ሳላስብ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ተናገሩት! በቀጥታ ስርጭት። «ይህች ጆንያ የለበሰች ሙሽራ ናት ድንበራችንን የምትጠብቀው?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተቃዋሚ ደጋፊ ሳይለይ ሁሉም ጠረጴዛ ደበደበ። እስከ ቀትር በየስልኩ ተዛመተ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ... እግሬ መሬት አልነካም ነበር።

እማ ደወለች። ትስቃለች። «አቡ ሱፍያን በቴሌቪዥን ያወሩት የሳይል ወሬ አይደለም እንዴ?»

በአንድ ቃል ነው ያወቀችው። እማ ያወቀችውን ሌላ ሰው አያውቀውም?

ሌላ ጣቢያም ካሜራቸውን ሙሽራ ይሉ ይሆናል። ይሉ ይሆናል አይደል?

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ሳይል ረቡዕ ረቡዕ ይደውላል። አልደወለም።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

አቡ ረሺድ ዛሬ ፈላፍል አልገዛም። ግማሽ መንገድ እንደሄድን፣ «የእህቴ ልጅ እዚያው ድንበር ነው» አለኝ። «የአንዱን ጣቢያ ልጆች ስልካቸውን ሰብስበውባቸዋል አለ። አሥራ ሁለቱንም። አንድ በአንድ እየጠሩ ነው።»

«ለምን?»

በመስታወቱ አየኝ። «ለምን ትይኛለሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

ሕጉን አውጥቼ አየሁት። ማየትም አያስፈልገኝም ነበር፣ ተፈትኜበታለሁ። የጦር ምስጢር ያወጣ፣ በወታደራዊ ፍርድ ቤት፣ ከሦስት ዓመት የማያንስ እስራት። ይህን ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ነው ያገኘሁበት።

እማ «ሳይል ለምን አልደወለም?» ትላለች። ኔትወርክ ነው አልኳት። ሽንኩርት እየከተፍኩ ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት።

አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ አንዱ ዝም ቢሉ እንኳ አንድ ሰው... ፈቃድ ላይ የነበረ ማነው ብሎ መዝገብ ማየት ብቻ እኮ ነው። ያለፈው ሐሙስ ማን ቤቱ ነበር? ይህን ለማወቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አቡ ሱፍያን ቤት ሄድኩ። ወንዶቹ መዳፋ ውስጥ ናቸው፣ የጎሳው የእንግዳ አዳራሽ ሞልቷል። በጓዳ በኩል ገባሁ። አስጠራኋቸው።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድምሽ ነው?»

«አዎ፣ አጎቴ።»

«ያ በልጅነቱ ከበለሳችን ላይ የወደቀው?»

«እሱ።»

መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። «እኔ ያለመከሰስ መብት አለኝ። ምክር ቤት ለተናገርኩት ማንም አይጠይቀኝም። ታዲያ የማይጠየቅ ሰው በተናገረው የሚጠየቀው ልጅ...» አልጨረሱትም።

«እኔ ልሂድና ልናገር። እኔ ነኝ የጻፍኩት ልበል።»

«ማን ነገረሽ ሲሉሽስ?»

ምን እላለሁ? ሳይል ነው ልበል?

ተነሡ። «ሳይል በፊቴ ነው» አሉ። «ለእናትሽ ግን አሁን አትንገሪ።»

በፊቴ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ይህን ካለ አለቀ፤ ያንን ልጅ የነካ የእሳቸውን ፊት ነካ። ግን ይሄ የደም ጉዳይ፣ የግጦሽ ጉዳይ ላይ ነው። መዝገብና ማኅተም ያለው ሰው የሰው ፊት ያያል?

ኅዳር 23፣ እሑድ

ቢሮ ሰው መጣ። ከየት እንደሆነ አልተናገረም፣ አልጠየቅነውም። የተስተካከለ ጢም፣ ግራጫ ኮት። ሻይ ከመሪሚያ ቅጠል ጋር ጠየቀ። ጠጣ። አመሰገነ። አቡ ሱፍያን አልነበሩም፤ አለመኖራቸውን የሚያውቅ ይመስለኛል።

«የክቡር አባሉን ንግግር የምትጽፊው ጎበዝ አንቺ ነሽ?»

«እረዳለሁ።»

«ያች ሙሽራ ግሩም ናት። ልጆቼ ቤት ውስጥ ሲቀልዱባት ይውላሉ።» ፈገግ አለ። «ወንድም አለሽ?»

«አለኝ።»

«አላህ ይጠብቅልሽ።»

ይኸው ነው። ሌላ አልጠየቀም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ሄደ። ልከተለው ስል አቡ ረሺድ ክንዴን ያዘኝ። «ተይው። ረስቶት አይደለም። ሊመለስበት ነው።»

ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፣ ክዳኑ የተነከሰ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጧል። ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ዙሪያውን አጸዳሁ።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

አሥራ ሁለት ሽማግሌ፣ አራት መኪና። ዙሄይር ባሻ ቤት ሄዱ። ባሻ ጡረታ የወጡ ጄኔራል፣ የደኅንነት ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። የስምምነቱ ዋና ደጋፊም። እሳቸው ቃል ከተናገሩ እዚያ ላይ፣ አዛዦቹ ዘንድ ይሰማል።

ሴት አትሄድም። ቤት ቁጭ ብዬ ምስር ለቀምኩ። የተለቀመውን ደግሜ ለቀምኩት። አቡ ረሺድ አመሻሽ ላይ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። እንደነገረኝ ልጻፈው።

ቡና ተቀዳ። አቡ ሱፍያን ፍንጃላቸውን ተቀብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። ጉዳይ ያለው እንግዳ መልሱን ሳይሰማ አይጠጣም። ሳይጠጣ ከወጣ ደግሞ ነውሩ የባለቤቱ ነው፣ አገር ያወራዋል።

«ጠጣ እንጂ አቡ ሱፍያን። ቤትህ ነው።»

«ቤቴስ ቤቴ ነው። አንድ ልጅ ግን ጎድሎብኛል።»

«የሙሽራዋን ወሬ ያወጣው ነው? ተወው፣ ሕግ ይዞታል።»

«ሕግ እኔን ይያዝ። ያወራሁት እኔ።»

«አንተማ አትያዝም።»

«ለሱ አይደል የመጣሁት!»

ባሻ ቀጂውን ጠሩት፤ «ለእኔም ቅዳልኝ።» ተቀበሉና... የራሳቸውን ፍንጃል ከአቡ ሱፍያን ፍንጃል ጎን አስቀመጡት።

«እንግዲያው እኔም ጉዳይ አለኝ፤ አልጠጣሁም።»

አቡ ረሺድ ይህን ሲነግረኝ ሁለት ጣቱን አወጣ። «ሠላሳ ዓመት ሽምግልና ስሄድ ባለቤት ፍንጃል ሲያስቀምጥ አይቼ አላውቅም። ሁለት ፍንጃል ምንጣፍ ላይ!»

ባሻ የተናገሩት አንድ ቃል ነው። «የሚመጣው ማክሰኞ በስምምነቱ ላይ ድምፅ አለን።»

አቡ ሱፍያን መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨረሱ። ፍንጃሉን አነሡ። «ቀዘቀዘ» አሉና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ባሻም ጠጡ።

ሳይል ተረፈ። ተረፈ! ታዲያ ለምን ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመርኩ?

ኅዳር 30፣ እሑድ

እስክሪብቶው የለም። ማን እንደወሰደው ያየ የለም።

አልቻልኩም፣ ገባሁባቸው። «አጎቴ፣ ሰባተኛው አንቀጽ...»

«አንቺ ሰባተኛውን አንቀጽ ታውቂያለሽ። እኔ እናትሽን አውቃለሁ።»

«የቀሩት የአሥራ አንዱ እናቶችስ? ካሜራዋ እኮ አሁንም አታይም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ለመቀለድ መስሎኝ ነበር። ዓይናቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። «በሩን ዝጊው ስትወጪ» አሉኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

አቡ ሱፍያን እጃቸውን አወጡ። ድጋፍ። ስምምነቱ አለፈ።

ከኋላ ወንበር አንዱ «ሙሽራዋ ተዳረች!» ብሎ ጮኸ። እንደገና ሳቅ። ያው አዳራሽ፣ ያው ሳቅ።

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

መዳፋው በር ላይ ጆንያ ሰቅለውበታል። የዱቄት ጆንያ። ጎረምሶቹ ናቸው ይላሉ፤ አቡ ረሺድ የራሱ የወንድም ልጅ ሳይኖርበት አይቀርም ይላል። አቡ ሱፍያን አውርዱት ሲባሉ፣ «ተዉት፣ ነፋስ ያወርደዋል» አሉ። ለጁምዓ ስንት እንግዳ ይመጣ ይሆን?

ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሰማሁ። «ይህንንስ ሰው መስሎን ነበር።» «ሰው የሚለየው እንዲህ ነው።» እማም ከፊቴ ቆማ አንገቷን ነቀነቀች። እማ! «አፈርኩባቸው» አለች።

የዳቦውን ሳንቲም ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩት።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

«ገጹን አስተካክይው» አሉኝ አቡ ሱፍያን። የአገር ደኅንነት፣ አቋም፦ ይደግፋሉ።

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«ለሰዉ ልንገር አጎቴ። አንድ ሰው እንኳ ይወቅ። ጆንያውን...»

«በፊቴ ብዬ አደባባይ ካወጣሁት ምኑን ፊት ሆነ?»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «ክቡር አባሉ ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመሩ በኋላ...» ሥርዓተ ነጥቡ ሁሉ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ይህን ያህል ይቀላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ሳይል መጣ። ወደ ደቡብ አዛውረውታል፣ ብርድ ልብስ መጋዘን። ቀጥኗል። ስልኩን ከጫማው ጋር ደጅ ተወው። እማ «ይሰረቅብሃል» ብትለው «ይሰረቅ» አለ።

መቅሉባ ሠራች። ገለበጠችው፣ ሩዙ ቆመ። ማንም አላጨበጨበም።

«እሺ፣ እዚያ እንዴት ነው?» አለችው።

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ጥላቻ አይደለም። ቢሆን አውቀው ነበር። ሰው ሰፈሩ አዲስ የመጣ ውሻ ሲያይ እንደሚያየው፣ ይነክስ ይሆን አይነክስ ብሎ።

«ደህና ነው» አለ። «ዝናብ ይመጣል ይላሉ።»

ስለ ዝናብ ብቻ አወራን። እስኪነሣ ድረስ። ክብርት ሚኒስትር አላለኝም።

አሁን ይህን ስጽፍ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ደብተሩን ያያል። ጣቢያው፣ ስሙ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ሁለቱ ፍንጃል... ሁሉም እዚህ ነው፤ ሁሉንም በእጄ ጽፌዋለሁ።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ስለ ዝናቡ።»

ወደ መስኮቱ ዞር አለ። ውጭ ጠብታ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ዓይኑን ወደ ደብተሩ መለሰ። «የጓዳው ምድጃ እሳቱ አልጠፋም» አለኝና ሄደ።